ሁለተኛው ቋጠሮ

መኪናዋ የመጨረሻውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ፣ ሱብሒ ካርታው ያለበትን የቆርቆሮ ቱቦ በሁለት ጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ይዞ ነበር። ቱቦው ክንድ የማያህል ቀላል ዕቃ ነው፤ ለእርሱ ግን ከተማውን ከለቀቁ ጀምሮ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከብዶታል። ከጎኑ የተቀመጡት ሙንዚር ፓሻ ቀዩን የታርቡሽ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኑረው፣ ራሰ በራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። የአገር ግዛት ሚኒስትር ናቸው፤ በዚያ አገር ድምፃቸውን የማያውቅ መንደር አልነበረም። ባለፈው ዓርብ በራዲዮ፣ «ከዚህ አፈር አንዲት ስንዝር አሳልፎ የሚሰጥ እጅ፣ የኔም ቢሆን ይቆረጥ» ሲሉ ሽማግሌው አልቅሷል፣ ጎረምሳው ወደ ሰማይ ተኩሷል። ያ ንግግር በተሰማ ዕለት ግን ያችው እጅ በዕርቁ ውል ላይ ፊርማዋን ካኖረች ስምንት ቀን አልፏት ነበር።

ይህን ከእነርሱ ወገን የሚያውቁት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰባተኛው ሱብሒ ነው። እንግሊዞች ፍልስጥኤምን ይገዙ በነበረበት ዘመን በቅየሳ መሥሪያ ቤታቸው ካርታ መሳል ተምሮ ነበርና፣ የዐረቦችና የአይሁዶች ጦርነት በተነሣ በዓመቱ፣ በፈረንጆች 1949 ጸደይ፣ የዕርቁን መስመር በካርታው ላይ እንዲያሰምር ተጠራ። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተጥመለመለ ይወርድና አንዲት መንደር ጋ ሲደርስ ቤቶቿን ለዐረቦቹ ወገን ይተዋል። ኮረብታዋን፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን የወይራ እርሻና ከግርጌው የሚፈልቀውን ምንጭ ደግሞ ለአይሁዶቹ ጦር ሰጥቶ ያልፋል። መንደሯ ከፍር ዐንበር ትባላለች። የሱብሒ እትብት የተቀበረው እዚያ ነው። በአረንጓዴ እርሳስ እያሰመረ እዚያ ሲደርስ እጁ ቆሞበት፣ የቢሮው አለቃ «ምነው፣ እርሳሱ ተሰበረ እንዴ?» ብሎት ነበር።

ቀኑ ሰኞ ነው። ርክክቡ ሐሙስ።

«ላብህ ጠብ ጠብ ይላል» አሉት ፓሻው ዘወር ሳይሉ። «አመመህ?»

«ደኅና ነኝ፣ ክቡርነትዎ።»

«ደኅናስ አይደለህም። መንደርህ መሆኗን የማላውቅ መሰለህ? ይዤህ የመጣሁት ለዚሁ ነው። ልጃቸውን ከጎኔ ሲያዩ ልባቸው ይረጋል።»

ሱብሒ ሁለት ሌሊት ሲያብሰለስለው ያደረውን ነገር በመጨረሻ አወጣው። «እውነቱን ብንነግራቸውስ፣ ፓሻ? ቢያንስ ይዘጋጁ ነበር።»

«በምን ይዘጋጁ? ስንት ጠመንጃ አላቸው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ጥይትስ?»

ሱብሒ ዐይኑን ቱቦው ላይ ተከለ።

«ከማዶ መድፍ ተደርድሯል፤ ምክንያት ነው የሚፈልጉት። እኔ ራሴ ስንት ጥይት እንዳለኝ ብነግርህ ከዚህ መኪና ዘልለህ ትወርዳለህ። እውነቱን ብነግራቸው ኮረብታውን አንለቅም ብለው ሐሙስ ጠዋት ያልቃሉ። ስለዚህ በመልካም ቃል ጠመንጃቸውን እቀበላለሁ። ሐሙስ ወታደሮቼ ኮረብታውን ለቅቀው ይወርዳሉ፣ እናንተ ታለቅሳላችሁ፣ እኔን ትረግማላችሁ። ለቅሶ ሰው አይገድልም፣ ልጄ።»

«የራዲዮውስ ንግግር?»

«ዳቦ መስጠት ያቃተው መንግሥት ኩራት እንኳ ይስጥ እንጂ።» ታርቡሻቸውን ደፉና ዘርፉን አስተካከሉ። «ደግሞ ምስጢሩን ላታወጣ በቁርኣን ምለሃል። እንዳትረሳ።»

ሱብሒን ያቃጠለው የፓሻው ዋሾነት ብቻ አልነበረም። ሰውየው ዋሽተው ሲያበቁ የሚያቀርቡት ምክንያት ውስጡ እውነት ነበረበት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንደዚህ ነው፤ እግርህ መሬት እንደለቀቀ የምታውቀው መሐል ከደረስክ በኋላ ነው።

ከፍር ዐንበር ሲደርሱ መጀመሪያ የተቀበላቸው የሱብሒ የራሱ ቤት ነው። ከመንደሩ ተነጥሎ በምዕራብ ዳር፣ ከአውድማው አጠገብ ብቻውን የቆመ፣ አያቱ በድንጋይ የሠራው ቤት። ሰዉ ሁሉ አውድማው ላይ ተሰብስቧል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ፓሻው ገና አንድ እግራቸውን ከመኪናው ሳያወርዱ የእጃቸው ጀርባ በመሳም ረጠበ። ከኋላቸው በሁለት ካሚዮን የመጡት አርባ ወታደሮች ግን አልወረዱም። ሰው ዐይን ዐይናቸውን ሲያይ፣ አንዳች ነገር የሸተታቸው ይመስል፣ እነሱ ጫማቸውን ያያሉ።

የሱብሒ አባት፣ አቡ ሱብሒ፣ ለበዓል ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ካባ ደርበው ቆመዋል። ልጃቸውን ግራና ቀኝ ሳሙትና ከሚኒስትር መኪና የወረደውን ልጃቸውን ሰው ሁሉ ማየቱን ለማረጋገጥ ዞር ዞር አሉ። «ከስተሃል» አሉት በሹክሹክታ። «እናትህ በግ አሳርዳልሃለች። ከንግግሩ በኋላ እንዳትሄድብኝ።»

ሙንዚር ፓሻ ከእህል መውቂያው ድንጋይ ላይ ወጥተው ተናገሩ። መናገርስ ያውቁበታል። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሕፃን እንኳ አልሳለም። «ይህ ኮረብታ የአገሩ ራስ ነው» አሉ። «ራሱን ቆርጦ በአካሉ የሚኖር ማን አለ? ዐሥር ወር ያለ ደመወዝ፣ ያለ እንቅልፍ ጠብቃችሁታል። ዛሬ መንግሥታችሁ መጣ። ከእንግዲህ ጥበቃው የኛ ነው። እናንተ መሣሪያችሁን አስረክባችሁ ወደ ወይራችሁ ግቡ። የማነው ይህ ኮረብታ?»

«የኛ!» አለ ሕዝቡ።

«የማን ሆኖ ይኖራል?»

«የኛ!»

አንድ ሰው ብቻ አልጮኸም። የኮረብታው ጠባቂዎች አለቃ ዲያብ ነው፤ የአቡ ሱብሒ የአጎት ልጅ፣ በዐሥር ወር ፀሐይና ዝናብ ፊቱ የጠቆረ፣ ከነዝናሩ የቆመ ሰው። «ፓሻ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት» አለ። «ይቺ ጠመንጃ ግን የሚስቴ አምባር ነች። የነዚህም ሁሉ ጠመንጃ የሚስቶቻቸው አምባርና የአንገት ሐብል ነው። ሸጠን ነው የገዛናት። የሚስቱን ወርቅ በንግግር ብቻ የሚሰጥ ባል ማታ ቤቱ አይገባም።» ሰዉ ሳቀ፤ ፓሻውም ሳቁ። «ስለዚህ ቃል አልፈልግም። ፊት እፈልጋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ፓሻውም ቢሆኑ የከተማ ሰው ናቸው እንጂ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋቸውም። በዚያ አገር ሰው ለሰው «ፊቴን ሰጥቻለሁ» ካለ ዋስ ሆነ ማለት ነው፤ ነገሩ ቢፈርስ ከገዛ ቤቱ ይከፍላል፤ ካልከፈለ እርሱም ልጁም በሰው መካከል ፊት የላቸውም። በደም የተቃባ እንኳ በዚህ ይታረቃል። የባህሉ ዳኛ፣ ሽማግሌው ሼኽ ረባሕ፣ ከብብታቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው በበትር ጫፍ ላይ አሰሩና ዘረጉት። «ፊቱን የሚሰጥ ይቋጥር» አሉ።

ፓሻው ጨርቁን ተቀበሉ። ሱብሒ ዐይኑን ጨፍኖ ሊከፍት ፈራ። ሰው ስንት ዓይነት ውሸት ይዋሻል፤ ይህን ግን አይደፍሩም ብሎ ነበር። በራዲዮ መዋሸት ለአየሩ ነው፤ ይህኛው ለሰው ፊት ለፊት ነው። ዐይኑን ሲከፍት ቋጠሮው ተቋጥሮ አልቋል። ጥብቅ ያለ፣ ያማረ ቋጠሮ።

ዲያብ ዝናሩን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ሼኽ ረባሕ ግን በትሩን አላወረዱም። «ፓሻ፣ አይቀየሙኝ» አሉ። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ግን የኛ አገር ሰው አይደሉም። የእንግዳ ቋጠሮ ብቻውን አይቆምም፤ እንግዳውን የሚያውቅ የኛ ሰው ይደርብበታል። ደግነቱ ፓሻውን የሚያውቅ ሰው አለን። እንጀራቸውን ይበላል፣ ወረቀታቸውን ያያል። ሱብሒ ልጄ፣ ና።»

ሦስት መቶ ፊት ዞረበት። ሱብሒ መናገር አልቻለም፤ ምሏል። ቢናገር ደግሞ ሠላሳ ሁለቱ ጠመንጃ በአርባው ወታደር ላይ ይዞራል፤ ልጆች መሐል ቆመዋል። መቋጠር ግን፣ በገዛ እጁ መቋጠር፣ ይህን አያደርገውም። ሳይናገር የሚናገርበት አንድ ቀዳዳ ታየው። እንቢ ይላል። እንቢታውን አይተው ይገባቸዋል።

«እኔ አልሆንም፣ ሼኽ» አለ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል ደስ የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። በከፍር ዐንበር ክብር ሲሰጠው በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የሚቀበል ልጅ አባት ያላሳደገው ይባላል። ጨዋ ልጅ ሦስት ጊዜ እንቢ ይላል።

«ና እንጂ፣ አትፈር» አሉ ሼኽ ረባሕ።

«ወላሂ አልቋጥርም።»

«የአባቱ ልጅ» አለ አንዱ። «ከተማ አላበላሸውም» አለ ሌላው። አቡ ሱብሒ ጢማቸውን ይደባብሳሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሱብሒ ያኔ ገባው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። «እለምንዎታለሁ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እኔም አልቋጥር፣ ሌላም ሰው አይቋጥር።»

ይህ ከጨዋነት ያለፈ ነበር። ሼኽ ረባሕ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ዲያብ እጁን ከዝናሩ አነሣ። ለአንድ አፍታ፣ ፀጉር ለምታህል አፍታ፣ ነገሩ ሊገባቸው ነበር። ነገር ግን ሙንዚር ፓሻ ሠላሳ ዓመት በምላሳቸው የኖሩ ሰው ናቸው።

«ሰማችሁት?» አሉ እየሳቁ፣ የሱብሒን ትከሻ አቅፈው። «በጌታዬ ቋጠሮ ላይ ሌላ ቋጠሮ መደረብ እርሱን መጠራጠር ነው ማለቱ ነው። አፍሮልኛል እኮ። እንዲህ ዓይነት ልጅ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። የፓሻው ጣቶች ግን በሱብሒ ትከሻ አጥንት ውስጥ ተሰክተው ነበር። አፉን ከፈተ፤ የወታደሮቹን ጠመንጃ አየ፤ አውድማው ዳር የሚያዛጉትን ሕፃናት አየ፤ አፉን ዘጋ። ፈሪ ነበር። ይህን ስለ እርሱ ሌላ ሰው ሳይለው ራሱ ለራሱ ብሎታል።

አቡ ሱብሒ ካባቸውን ሰብስበው ወደ መሐል ወጡ። «ሼኽ ረባሕ፣ ልጁን ምን ያስጨንቁታል? አባቱ በሕይወት ቆሞ እርሱ እንዴት ብሎ ይቋጥራል? ያሳደግሁት እንዲህ ነው።» ጨርቁን ያዙ። «ልጄ የሚያውቀው ሰው የኔም ሰው ነው። ፊቴን ሰጥቻለሁ።» ቋጠሩ።

ዲያብ ዝናሩን ፈታ።

ጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ ካሚዮኑ ላይ ተጫኑ። አንዱ ጎረምሳ የጠመንጃውን አፈሙዝ በእጀታው ጠርጎ ሲሰጥ የተቀበለው ወታደር ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ፓሻው ሩዝና ሥጋው ወደ ቀረበበት ድንኳን ሲገቡ፣ ሱብሒ አባቱን ክንዳቸውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወሰዳቸው። ያበበው ወይራ ጫፉ ብቻ ከኮረብታው ጥግ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ምን ሆነሃል? እንግዳ ትተን?» አሉ አባትየው።

«አባ፣ ኮረብታው ሐሙስ ለአይሁዶቹ ይሰጣል። ወይራውም፣ ምንጩም። ተፈርሟል። ካርታው መኪናው ውስጥ ነው። መስመሩን በእርሳስ ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

አቡ ሱብሒ የግድግዳውን ድንጋይ በመዳፋቸው ያዙ፣ የሚወድቅ ይመስል። «ማን ያውቃል?»

«እዚህ እኔና እርሳቸው ብቻ።»

«እርሳቸው አሁን ቋጥረዋል።»

«አዎ።»

«አንተስ አፍህን ምን ይዞት ነው?»

«እንቢ ስል እኮ እየነገርኳችሁ ነበር፣ አባ። ሦስት ጊዜ ነገርኳችሁ።»

«እኔ የሰማሁት ጨዋነት ነው» አሉ አባትየው። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹበት በተሻለው። «ያስተማርኩህም እኔ ነኝ። ሌላ ምን እሰማለሁ?»

ሱብሒ እጃቸውን ሊስም አጎነበሰ። አባትየው እጃቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ወጥቼ ልንገራቸው» አለ። «ያሻው ይምጣ።»

«ጠመንጃው የት ነው?»

«ካሚዮኑ ላይ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ዲያብን ታውቀዋለህ፤ ብትነግረው በባዶ እጁ ወታደር ላይ ይዘላል። ከኋላው የሚከተለው ያ ሁሉ ልጅ ነው። እውነቱን ቅድም ነበር የምንፈልገው። አሁን ማንን ለማስገደል?» ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ፤ በአንድ ጊዜ አረጁ። ሱብሒ አባቱን ያን ያህል ትንሽ ሆነው አይቷቸው አያውቅም።

ከድንኳኑ የሙንዚር ፓሻ ሳቅ ይሰማል።

«ይህ መስመር» አሉ አቡ ሱብሒ፣ በጣታቸው አፈሩን እየጫሩ፣ «በእርሳስ ነው ያልከው?»

«በእርሳስ። ረቡዕ በቀለም ይደገማል። እኔና የእነሱ ካርታ ሠሪ አብረን ተቀምጠን። ዘሊግ ይባላል፤ በእንግሊዞች ጊዜ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ነበርን።»

«የእርሳሱ ውፍረት መሬት ላይ ሲሆን ስንት እርምጃ ይሞላል?»

ሱብሒ ትኩር ብሎ አያቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ማረሻ ስንት ትልም እንደሚያወጣ ግን አሳምረው ያውቃሉ። «ሰማንያ እርምጃ ያህል።»

«ቀለሙስ?»

«ቀለሙ ቀጭን ነው። ከእርሳሱ በየትኛው ጠርዝ እንደሚሄድ እኛ ነን የምንወስነው።»

«ምንጩ ከምኑ ጋ ነው ያረፈው?»

«ከእርሳሱ ሥር ነው፤ ወደ ማዶው ጠርዝ ተጠግቶ።»

«እንግዲያ ወዲህ አግባው።»

«ዘሊግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በነጻ አይሰጠኝም፣ አባ። አለቃ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከለቀቀልኝ ሌላ ቦታ ላይ እለቅለታለሁ። ልክ በልክ ነው።»

«ሌላ ከእርሳሱ ሥር ያረፈ ምን አለ?»

የሱብሒ ዐይን ቤቱ ላይ አረፈ። አባትየውም የተደገፉትን ግድግዳ ቀና ብለው አዩት። ከመንደሩ ተነጥሎ በምዕራብ ዳር የቆመ ቤት አንድ ብቻ ነው። ከውስጥ የእናቱ የኡም ሱብሒ ድምፅ ይሰማል፤ ለእንግዶቹ ሁለተኛ ትሪ እንዲወጣ ጎረቤቶቿን ታዝዛለች፣ ልጄ ልጄ ትላለች።

«ይህን ሁሉ ሰው ከነከብቱ ያለ ውሃ ማስቀረት አይሆንም» አሉ አቡ ሱብሒ።

«አባ፣ ቤቱን እኮ አያቴ...»

«አባቴ የሠራው ቤት መሆኑን ለኔ ትነግረኛለህ?» ተነሡ። የካባቸውን አቧራ አራገፉ። «ፊቴን ሰጥቻለሁ አልኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ፓሻህ ሐሙስ ከተማው ገብቶ በራዲዮ ሲያለቅስልን ይውላል፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ፤ በየቀኑ ዲያብን ነው የማየው። ምንጩን አግባ፣ ቤቱን ስጠው። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ፤ ቀለም ከፈሰሰ አይመለስም።»

«ለእናቴስ?»

«ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ። በል ሂድ፣ ይፈልጉሃል።»

የመኪናው ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ተነፋ። ሱብሒ ሄዶ ከፓሻው ጎን ተቀመጠ። ሙንዚር ፓሻ እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «አባትህ ትልቅ ሰው ናቸው» አሉት፤ ከልባቸው ነበር ያሉት፤ ለዚያ ይሆናል ሱብሒ ያን ቀን ከሰማው ሁሉ ይህን መሸከም ያቃተው።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትጀምር በኋላው መስኮት ዞሮ አየ። ሕዝቡ አሁንም አውድማው ላይ ይጨፍራል። አባቱ ካባቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ የቤቱን በር በሁለት እጃቸው ከማጠፊያው ላይ እያነሡ ያወጡታል። እንጨቱ ከባድ ነው፤ ብቻቸውን አልቻሉም። ዲያብ አያቸውና ከጭፈራው ወጥቶ ሊያግዛቸው ሮጠ። በር የሚጠግኑ መስሎታል።